ጣሉት

ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉኛል፤ አልቀበልም።

እኛ የሞጣ መምህራን ከቢቸና መምህራን ጋር ለመጫወት ሣሩ ላይ ተሰለፍን። በየቡድኑ ፊት አምስት አምስት አጫጭር የእንጨት ጉማጅ ቆሟል። መሀል ላይ ደግሞ አናቱ ላይ ዘውድ የተቀረጸለት ረጅሙ ጉማጅ አለ፤ ንጉሡ እሱ ነው። ጨዋታውን ለእንግዶቹ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። "ዱላ እየወረወራችሁ መጀመሪያ የእኛን አምስቱን ጣሉ። ንጉሡን መጨረሻ ላይ ጣሉት፤ ቀድሞ የነካው ይሸነፋል" አልኳቸው። ከዚህ በላይ ምን ይብራራል?

የቢቸናው አለቃ ጋሽ ማናዬ ቅኔ ቤት ያደጉ የአማርኛ መምህር ናቸው። አምስተኛው ጉማጃችን እንደወደቀ ዱላቸውን አስቀመጡ፤ ዝግ ብለው ሄደው ንጉሡን አቅፈው አነሱና አጥር አሻግረው ወረወሩት።

"ጋሽ ማናዬ፣ ምን ማድረግዎ ነው?"

"ጣሉት አላልሽም፣ ራዲያ?"

ዳኛዋ ስሜነሽ ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ "እንዳልሽው ጣሉት" ብላ ፈረደችብኝ።

ለሁለተኛው ዙር ደንቡን በወረቀት ጻፍኩ፦ ንጉሡ የሚወድቀው በዱላ ተመትቶ ብቻ ነው። ጋሽ ማናዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና መለሱልኝ።

አምስቱን ጥለው ሲጨርሱ ዱላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ንጉሡ መራመድ ጀመሩ።