ያልተዘጋው ዘረ መል

በላብራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «እንደገና» ይላታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምርመራን ሁለት ጊዜ ሳትሠራ ውጤት ላይ ፈርማ አታውቅምና። «እሷ ቤት ሻይ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የሚፈላው» ብለው ይቀልዱባታል። እሷም አትቆጣም። «ያልተደገመ ነገር ወሬ ነው» ትላቸዋለች።

ሥራዋ ከአንጀት ዕጢ ላይ ከተቆረጠች ቁራጭ ዲኤንኤ አውጥቶ፣ አንድ ዘረ መል ክፍት ነው ወይስ ዝግ ብሎ መመርመር ነው። ይህ ዘረ መል አራሚ ነው፤ ሴል ሲባዛ፣ ዲኤንኤው ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት ይለቅማል። እሱ ዝም ካለ ስህተቱ እየተከመረ ይሄድና ካንሰር ይበቅላል። ዝም የሚልበት ምክንያት ግን ሁለት ነው። አንዳንዴ ዘረ መሉ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ፣ መነሻው ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለጠፉበትና ይዘጉታል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ ለልጅም ለወንድምም አይተርፍም። አንዳንዴ ደግሞ ዘረ መሉ ከወላጅ የተወረሰ ስብራት አለበት። ያኔ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ሁሉ መመርመር ይኖርበታል። ስለዚህ «ዝግ ነው» ብላ ስትጽፍ አንድ ቤተሰብ በሙሉ እፎይ ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ብርቱካን በፌስታል ይዞ በመስኮቷ ብቅ አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕጢ የወጣለትን የልብስ ሰፊ ታላቅ ወንድሙን ውጤት ሲጠብቅ እዚሁ መስኮት ላይ ሲመላለስ ከርሟል።

«እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎ ናት።»

«ምን አድርጌ?»

«በዘር አይደለም የሚለውን ዜና ስለነገሩን ነዋ። ወንድሜን እንቅልፍ የነሳው ከራሱ ሕመም ይልቅ የእኛ ነገር ነበር። አሁን መድኃኒቱ እየገባለት ነርሶቹን ቁመታችሁን ካልለካሁ ይላል።»

ሳቀች። «አንተስ የአንጀት ካሜራ ምርመራህን ጨረስክ?»

«የምን ካሜራ? በዘር አይደለም ተባለ፤ ተራዬን ለባሰበት ሰው ይሁን ብዬ ሰረዝኩት። እውነቱን ልንገርዎት? ያ ቱቦ በየት በኩል እንደሚገባ ከሰማሁ ጀምሮ ሰበብ ስፈልግ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናታችን በአርባ አንድ ዓመቷ በሆድ ሕመም ነው ያለፈችው። እኛም ከዚያ አናልፍም ብለን ነበር የምንኖረው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሄደ። እሷ ፌስታሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናት በአርባ አንድ፤ ልጅ በአርባ ሦስት። በሜቲል መዘጋት የአዛውንት ነገር ነው። በጎልማሳ አይደርስም ማለት አይቻልም፤ ግን ሲደርስ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባ ነበር። እሷ አላሰበችም።

የሥራ ደብተሯን ገለጠች። ያን ውጤት በሠራችበት ቀን ቢሰልፋይቱ የተበጠበጠው ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ የልብስ ሰፊው ናሙና የገባው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነበር።

ቢሰልፋይት ሜቲል ያልተለጠፈበትን የዲኤንኤ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል የሚለውጥ ኬሚካል ነው፤ የተለጠፈበትን አይነካውም። ሳይለወጥ የቀረ ፊደል ሁሉ የተለጠፈበት ነው ተብሎ ይነበባል። ታዲያ ኬሚካሉ ተበጥብጦ ሲውል ይደክማል። ሲደክም መለወጥ ያለበትንም ሳይለውጥ ያልፈዋል፤ ክፍቱ ዘረ መል ዝግ መስሎ ይታያል።

ያን ከሰዓት አስታወሰች። ሹፌሩ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚቀጥለው የምርመራ ዙር ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። ከጠዋቱ የተረፈውን ጠርሙስ አነሳች። አዲስ እንዳትበጠብጥ ለአንድ ሰው ብክነት መሰላት። የተረፈው ጥቂት ስለነበረ ሁልጊዜ አብረው ከሚሠሩት ሁለት ማነጻጸሪያ ናሙናዎች ዝግ መሆኑ የታወቀውን ብቻ አስገባች፤ ክፍት መሆኑ የታወቀውን ተወችው። ያ ቢገባ ኖሮ እሱም ዝግ መስሎ ይወጣና ያስደነግጣት ነበር። ከዚያም እንደ ልማዷ ደገመችው። ከዚያው ጠርሙስ።

የተረፈውን ዲኤንኤ ከማቀዝቀዣው አወጣች፤ አዲስ በጠበጠች፤ ሁለቱንም ማነጻጸሪያ አስገባች። ረቡዕ ረፋድ ላይ ውጤቱ ወጣ። የልብስ ሰፊው ዘረ መል ልክ እንደ ክፍቱ ማነጻጸሪያ ሆነ። ሜቲል አልዘጋውም። ዝም ያሰኘው ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባትም ከእናቱ የወረሰው ስብራት። ያን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። እፎይታው ግን መሠረት አልነበረውም።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊው ገባች። አብረው የተማሩ፣ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው።

«ሁለቴ ሠርተሽዋል እኮ» አላት።

«ከአንድ ጠርሙስ። የቆመ ሰዓት ሁለቴ ብታየው ሰዓቱን አይነግርህም።»

መነጽሩን አወለቀ። «እሺ፣ የታረመ ውጤት ብለን ለሐኪሙ እንልካለን። በቀጠሯቸው ቀን ይነግራቸዋል።»

«ቀጠሯቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ታናሹ ተራውን ሰርዟል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኛ እኮ ሥራችን ከናሙና ጋር እንጂ ከበሽተኛ ጋር አይደለም። ደግሞ እንዲህ ስትሯሯጪ ሁሉም ያንቺ ጥፋት ይመስላል። ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ማን ላይ ላላክከው?»

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ለሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒት ወደሚሰጥበት ክፍል ወርዶ ለልብስ ሰፊው ነገረው፤ ለቤተሰቡም አዲስ የምርመራ ቀን አስያዘ። ልብስ ሰፊውም «ለታናሼ የላብራቶሪዋ ሴትዮ ትንገረው» አለ። «እኔ ብነግረው ይቀልድብኛል። ለእህታችንም ይድረሳት።»

የሹፌሩ ስልክ ዝግ ነበር፤ ሲነዳ ያጠፋዋል። በምሳ ሰዓቷ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች። ሰልፉን አልፋ ወደ ፊት ስትሄድ ተራ አስከባሪው እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው።»

«ተሳፋሪ አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ አያት፤ በሩን ከፈተላት። ተሳፋሪዎቹ ገና አልገቡም።

«ምነው እትዬ፣ ብርቱካኑ ኮምጣጣ ነበር?»

ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን መግቢያ ሁሉ ተወችው። «ወንድሜ፣ የነገርኳችሁ ውጤት ስህተት ነበር። ኬሚካሉ ደክሞ ነበር፤ እያወቅሁ መጠንቀቅ ሲገባኝ አልተጠነቀቅሁም። አሁን በአዲስ ኬሚካል ደግሜ ሠራሁት። በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። መመርመር አለብህ፤ ለዓርብ ተራ ተይዞልሃል።»

ሹፌሩ በጨርቅ መሪውን ይጠርግ ጀመር። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ጠረገው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝቼ አደርኩ እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም።»

ውጭ ተራ አስከባሪው ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ ሻንጣ ይጨቃጨቃል።

«እዚያ መስኮት ላይ እንደዚያ ባልቆም ኖሮ...»

«የቆምክ አንተ ነህ፣ የቸኮልኩ እኔ ነኝ። ሁለቱን አታምታታ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «ቢደብቁትስ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። አንተ ራስህ እስክትታመም ድረስ።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። «ዓርብ እሄዳለሁ፤ እኔስ እሺ። እህታችን ግን ሦስት ልጆች አሏት። ምርመራውን ሰርዢው ብዬ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ምን አስጨነቀሽ ብዬ ስቄባታለሁ።»

ደወለ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ከመሪው ፊት አስቀመጠው።

«ምነው በሥራ ሰዓት?» አለች እህቱ ከወዲያ። «ጋሼ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምንድነው ድምፅህ?»

ስልኩን አንስቶ ወደ ኋላ አቀበላት።

እሷም ተቀበለችው። «እህቴ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የወንድማችሁን ውጤት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ወንድማችሁ ደህና ነው፤ የምነግርሽ ስለ አንቺ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት አጠገብሽ አለ?»

ከወዲያ በኩል ወንበር ተንፏቀቀ። ልጆች ይጯጯሁ ነበር፤ በር ተዘጋና ጸጥ አለ። ተራ አስከባሪው የአውቶቡሱን ጎን መታ። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ጠብቁ አለ።

«ይዣለሁ» አለች እህትየው። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»