እስከ አባቴ ደረት

ከመዋኛ ገንዳው ላይ ቅጠል እያነሳሁ ነበር። መረቡን ወደ ፊት ከገፉት ቅጠሉ ይሸሻል፤ ከመሃል ወደ ራስ መሳብ ነው። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ግንበኛ ነበር፤ ገንዳውንም የሠራው በገዛ እጁ ነው።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ባለፈው ክረምት ወድቃ፣ ጎረቤት ድምጿን እስኪሰማ ግማሽ ቀን መሬት ላይ ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ማደሯ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከእኔ ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል ተገኝቶላት ነበር፤ ሻጩ የሚጠብቀን ግን እስከ ዓርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ይህ ቤት ደግሞ አልተሸጠም።

ደላላው ሜትሩን በአንዱ ጫፍ ወደ ውሃው ሰደደ። ዞሮም በሌላው ጫፍ ለካ።

«እዚህም አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ እዚያም አንድ ሜትር ከሠላሳ! አንዱ ጫፍ መጥለቅ ነበረበት፤ ይሄ እኮ ገንዳ አይደለም፣ ትልቅ ሳፋ ነው። አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሜትሩን የት ጥለውት ነው?»

«ዋጋ ይጨምራል ብለኸን አልነበር?» አልኩት።

«ብዬ ነበር። አራት ገዢ አመጣሁ። ልጅ ያለው ‹ልጄ ይወድቅበታል› ይላል፤ ልጅ የሌለው ‹ማን ያጸዳዋል?› ይላል። ዋና የሚችለው ጥልቀቱን አይቶ ይስቃል። ከእንግዲህ ለገንዳ ዋጋ መጠየቅ ውሃ መውቀጥ ነው። ነገ ጠዋት ሁለት መኪና አፈር ይመጣል፤ ሞልተን ሣር እናለብሰዋለን።»

«የሰውዬው ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ልትቀብሩት?» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ከሞቱ አምስት ዓመታቸው እኮ ነው!»

«ለኔ አልቀዘቀዘም።»

ደላላው ገዢ ሊያመጣ እየሮጠ ወጣ። እኔ መረቡን ይዤ ቆምኩ። ስድስት ዓመቴ እያለ በሽታ ግራ እግሬን አቅጥኖት ነበር። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ትለማመድ ሲል፣ አባቴ ሁለት በጋ ሙሉ ከሥራ መልስ ቆፈረ። ዛሬ ሳላነክስ የምሄደው በዚያ ውሃ ነው። ሆኖም ለጓደኞቼ ገንዳችንን ሳሳይ አፍር ነበር፤ በዓይኑ ብቻ ግድግዳ የሚያቀና ሰው የራሱን ሥራ አበላሸ ብዬ።

«አባዬ እንዴት እንዲህ ተሳሳተ?» አልኩ።

«ማን ተሳሳተ?» እናቴ ቀና አለች። «ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ደረቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ‹ከዚህ አላልፍም› አለ። መዋኘት አይችልማ! የትኛውም ጥግ ብትሰምጪ በእግሩ ሄዶ ሊያነሳሽ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አባቷ ውሃ እንደሚፈራ ያወቀች ልጅ ትገባለች እንዴ?»

ያኔ አባቴ ሁልጊዜ አጠገቤ እየተራመደ «አለሁ፣ አለሁ» ይል ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደላላው አንዲት ልብስ ሰፊ ከባሏ ጋር ይዞ መጣ። ባልየው ከዘራ ይዟል፤ ግራ ጎኑ አይታዘዘውም።

«ገንዳው ነገ ይደፈናል፣ እሱን አታስቡት» አለ ደላላው ገና ከበሩ።

ሴትየዋ ግን ዳሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

ደላላው ሳል ያዘው። ከእንግዳ ጋር ማውራት ያስፈራኛል፤ ቢሆንም «የትም ቦታ እስከ አባቴ ደረት ነው» አልኩ። ምክንያቱንም ነገርኳት።

ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሐኪሙ ውሃ ውስጥ አራምጂው ብሎኛል። እኔም መዋኘት አልችል። እዚህ ግን ይዤህ መቆም እችላለሁ።»

«በስተርጅና ልትዘፈዝፊኝ ነው?» አለ እየሳቀ። ዓይኑ ግን ከውሃው ላይ አልተነሳም።

«ለገንዳው ዋጋ አልጨምርም» አለች ለደላላው።

«ማን ጨምሪ አለሽ፣ እቴ!» ስልኩን አውጥቶ ወደ ጥግ ሮጠ። «ሄሎ! አፈሩን ተወው! ተወው አልኩህ!»

የቤቱን ዋጋ ብቻ ተስማሙ፤ ነገ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ። እናቴ የሴትየዋን እጅ ይዛ ስትመርቅ ቆየች። እኔም ያኔ ያላልኩትን እግዜር ይስጥልኝ ለአባቴ በልቤ አልኩት።

ሁሉም ሲገቡ ወደ ገንዳው ተመለስኩ። መሃል ላይ ጥቂት ቅጠሎች ቀርተው ነበር። አንድ በአንድ ወደ ራሴ ሳብኳቸው፣ መረቡን አራገፍኩና አባቴ በመታው ምስማር ላይ ሰቀልኩት።