ከየካቲት በኋላ የመጡት ካርዶች

«ቀኑ መቼ ነው አሉ?» አለች ሀብትነሽ።

አልቃሿ ግጥሟን ጨርሳ ጉሮሮዋን እየጠረገች ስለነበር ጥያቄው ድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ተሰማ። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ጎሕ ሲቀድ መርዶውን የነገሯት የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከጦር ግንባር የመጣውን ወረቀት ከካባቸው ሥር አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ይላል፣ ልጄ። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት።»

«የካቻምና የካቲት?»

«የካቻምና።»

ሀብትነሽ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈች። «ፋሲካ። እንቁጣጣሽ። ገና። እንደገና ፋሲካ።» አውራ ጣቷ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከዚያ ብድግ አለች።

«ተነሡ! ልጄ አልሞተም።»

ልጇ ውዳሴ ከኋላዋ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሟቹ ወንድሟ ሠርክአዲስ በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ጎረቤታቸው ማሚቱ ጠዋት ንፍሮ ስታወጣ «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው ወይስ ነገሩ አልገባትም?» ብላ ስታንሾካሹክ ሰምታታለች። አልከፋትም። የሚሰማት ነገር ቢኖር ከታጠፈው እግሯ የሚነሣው መደንዘዝ ብቻ ነበር። አሁንም እናቷ በጣቷ ስትቆጥር፣ የምትቆጥረውን ቀድማ አውቃ፣ የቄሱን ካባ ጫፍ ዝም ብላ ታይ ነበር።

ሀብትነሽ ወደ ቤት ገብታ ስድስት ካርዶች ታቅፋ ተመለሰች። አራቱን ለይታ ለቄሱ ዘረጋችላቸው።

«ይኸው! ይኸ የካቻምና ፋሲካ የመጣ ነው። በየካቲት የሞተ ሰው ለሚያዝያ ካርድ ይሠራል? ይኸ የእንቁጣጣሽ። ይኸ የአምና ገና። ይኸ የአምና ፋሲካ። እርስዎ ራስዎ ጠበል ሊረጩ መጥተው አላዩትም?»

«አይቻለሁ» አሉ ቄሱ። ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ከወረቀቱ ላይ አብጣ የወጣችውን ርግብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «እጁ ነው?»

«የማን ይሆናል! በፍኖተ ሰላም ሌላ እንዲህ የሚሠራ ማን አለ?»

አንድ ሽማግሌ «ወረቀትም ይሳሳታል፤ ስም ከስም ይመሳሰላል» አሉ። አልቃሿ መቀነቷን ፈትታ እንደገና አሰረች። ማሚቱ እልል ለማለት አፏን ከፍታ፣ የሰውን ፊት አይታ፣ በእጇ ከደነችው።

 

*

እውነት ነው፣ በከተማው ሌላ እንዲህ የሚሠራ አልነበረም።

ሠርክአዲስ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ አንድ አስተማሪው ከውጭ አገር የተላከለትን ፖስት ካርድ ለክፍሉ አሳየ። አበባው ከወረቀቱ ብድግ ያለ፣ በጣት የሚዳሰስ ነበር። ሠርክአዲስ ካርዱን ለምኖ ቤት አመጣውና ሌሊቱን ትራሱ ሥር አሳደረው። በማግሥቱ ብርድ ልብስ አጥፎ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈ፤ ጠንካራ ወረቀት አስተኛበትና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ከጀርባው ይጫን ጀመር። ወረቀቱ ተቀደደ። ሌላ አመጣ፤ ተቀደደ። በሳምንቱ የምስማር ራስ ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ እንጨት እጀታ ገባለት። ያን ቀን የመጀመሪያዋ አደይ አበባ ሳትቀደድ አበጠች።

«ውዴ፣ ነይ ንኪያት» አላት።

ከዚያ በኋላ የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የምርቃት ካርድ የሚፈልግ ሁሉ እነሱ ቤት ይመጣ ነበር። እሱ በምላጭ ይቆርጣል፤ መስኮት ያወጣል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ቀይ ወይም ቢጫ ወረቀት ይለጥፋል፤ ምስሉን ያሳብጣል። መጻፍ የእሷ ፋንታ ነበር። «የእኔ ፊደል ዶሮ የጫረው ነው» ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወደቀ። እርሻ ሲላክ ይዘገያል፤ ገበያ ሲላክ ይረሳል። አንዴ የማሚቱን እንስራ ሰብሮባት ጠፍቶ ዋለና ማታ ካርድ ይዞላት ሄደ፤ ላዩ ላይ የተሰነጠቀ እንስራ አብጦ ነበር። ማሚቱ ማንበብ አትችልም፤ ግን ስቃ ስቃ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው።

ግራኝ ነበር። ልጅ ሳለ ሀብትነሽ በቀኙ እንዲበላ ብላ ግራ እጁን በመቀነት ታስርበት ነበር። ለመብላትና ሰው ለመጨበጥ ቀኙን ተማረ። ምላጭና ምስማሩን ግን ግራው አልለቀቀም።

በዘጠና ክረምት ጦርነቱ ሲነሣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ዘመተ። ከማሠልጠኛ አንድ ካርድ ላከ። ከምሽግ ደግሞ ለገና ሌላ ላከ፤ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣ በጥይት ጫፍ ተጭኖ ያበጠ በግ። ጽሑፉ ግን የሱ የዶሮ ጭረት አልነበረም፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ፊደል ነበር። መጨረሻው ላይ «ጽሑፉን የጻፈልኝ ጓደኛዬ የቡሬው ማህዲ ነው፤ ውዴ እንዳትቀኚ» ይላል።

*

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ እኩሌታው ባዶ ሆነ። ሀብትነሽ «አፍርሱት» ብላ ነበር፤ የደፈረ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «እስቲ እንቆይ» ብለው በር ላይ ተቀመጡ። እሷ ጥቁሩን ቀሚስ አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ልጇን ጠራች።

«ወረቀት አምጪ። ጻፊለት።»

ውዳሴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ልበለው?»

«‹ሞተ ብለውን ነበር› በዪው።» እናቷ ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ተይው፤ ይደነግጥብኛል። ‹ደኅና ነን› በዪው። ‹ከፋሲካ ወዲህ ካርድህ ስለቀረ አሳብ ገብቶን ነው› በዪው። ምነው፣ አትጽፊም?»

የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ አርፎ ነበር። አራት ጊዜ ጽፋለች፤ አምስተኛውንም መጻፍ ትችላለች። ደኅና ነን፣ አንተስ? ቀላል ነው።

የካቻምናው ፋሲካ ካርድ የመጣ ዕለት ሀብትነሽ ታማ ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ውዳሴ ፖስታውን በር ላይ ቆማ ከፈተችው። ክንፎቿን የዘረጋች ርግብ ናት። እንደ ልማዷ ካርዱን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች። መስመር ሲጀመር ይጠልቃል፣ ሲያልቅ ይሳሳል። የሠርክአዲስ መስመር፣ ግራኝ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይሳሳል። አንደኛው ክንፍ እንደዚያ ነበር። ሁለተኛው ግን ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሳሳ ነበር፤ ያልለመደ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሁለት ቦታ ላይ ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰ እጅ። ሠርኬ የጀመረውን ካርድ አጋምሶ ለሰው የሚሰጥ ልጅ አልነበረም።

በር ላይ ምን ያህል እንደ ቆመች አታውቅም። ከውስጥ «ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። «ካርድ ነው፣ እማየ» አለች። እናቷ ያን ቀን ከአልጋዋ ተነሣች፤ ምግብም ጠየቀች።

«ውዳሴ?» አለች ሀብትነሽ። «ጻፊ እንጂ።»

ውዳሴ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«እማየ፣ የገናውን ካርድ ስጪኝ። የምሽጉን፣ በግ ያለበትን።»

«ለምንሽ ነው?»

«ስጪኝ።» ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ጣትሽን በመስመሩ ላይ አስኪጂው። የት ጋ ነው የሚጠልቀው?»

ሀብትነሽ ልትቆጣ ነበር፤ የልጇን ፊት አይታ ተወችው። «በዚህ። በቀኝ።»

«የት ይሳሳል?»

«ወደ ግራ።»

«ይኸ የእንቁጣጣሹ ነው። እሱንም ዳስሺ፤ የት ይጠልቃል?» አለች ድምፅዋ ሳይወጣና ሳይወርድ።

የእናቷ ጣት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ውዳሴ የአምናውን ገና አቀረበችላት። ከዚያ የአምናውን ፋሲካ። በመጨረሻ ርግቧን ሰጠቻት። ሀብትነሽ ዓይኗን እንደ ጨፈነች አንደኛውን ክንፍ ከጫፍ እስከ ሥሩ ዳሰሰች፤ የርግቧ ደረት ላይ ደርሳ ወደ ሁለተኛው ክንፍ ስትሻገር ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው የሞተው?» አለች።

«አዎ፣ እማየ።»

ውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ አስፋልቱን እየመታ አለፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽ?»

«ካርዱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ።»

«ሁለት ዓመት? አንድ ማዕድ ስንበላ? ‹ይመጣል› ስልሽ ‹ይመጣል› እያልሽኝ?»

«ታመሽ ነበር። እሱን አይተሽ ተነሣሽ። ከዚያ በኋላ የምነግርሽበትን ቀን አጣሁት።»

ሀብትነሽ ዓይኗን ገለጠች። ጥቁሩን ቀሚስ መልሳ ለበሰች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አደገደገች። በሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አልፋ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ቀጥይ» አለቻት አልቃሿን።

ውዳሴን ዞራም አላየቻትም።

*

በሠልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ቀጭን ሰው ከቡሬ በመጣ ሚኒባስ ወርዶ ወደ ድንኳኑ አመራ። ምርኩዝ ይዟል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። መግቢያው ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲታገል ማሚቱ «ግዴለም፣ በጫማህ ግባ» አለችው። ሰዉ ማን እንደሆነ አላወቀም። ውዳሴ ግን ምርኩዙን በቀኝ እጁ እንደያዘ አየች።

«አላህ ያጽናችሁ» አለ። «ማህዲ እባላለሁ። ከሠርክአዲስ ጋር ነበርን።»

ሀብትነሽ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ዓይኗ መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ላይ አረፈ።

«ተቀመጥ» አለችው።

እግሩን ዘርግቶ በጭንቅ ተቀመጠ። እግሩ ከቆሰለ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ ቡሬ፣ በአባቱ የእህል መደብር ውስጥ እንዳለ ተናገረ። መርዶ መነገሩን ከመናኸሪያ ነው የሰማው። «ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ። ሁለቴ እኩል መንገድ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«ምን ብለህ ነው የላክህልኝ?» አለች ሀብትነሽ።

ማህዲ መሬቱን አየ። «የፋሲካው ርግብ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ አንድ ክንፍ ይቀረው ነበር። ‹የእናቱ ነው፣ ይድረሳት› ብዬ ጨረስኩት። ሌላ አሳብ አልነበረኝም። ከዚያ መልስ መጣ። ‹እናታችን ካርድህን አይታ ከአልጋዋ ተነሣች› ይላል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ እንዴት ልተወው?»

ወደ ውዳሴ ዞረ። ከመጣ ገና አሁን ነው ያያት።

«አንቺ እንዳወቅሽ ገብቶኝ ነበር። ‹ካርድህን ሳየው መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን እጅህ እንደ ቀና ገባኝ› ብለሽ ስትጽፊ። እኔ በቀኜ ነው የምሠራ። ደብዳቤውን ይዤ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ግን ተው አላልሽኝም።»

«አላልኩህም» አለች ውዳሴ።

«ተው ትያለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩ።»

«እኔም ትተዋለህ ብዬ ነበር።»

ውዳሴ ያን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት ለእናቷ ጮክ ብላ አንብባላት እንደ ነበር አስታወሰች። ሀብትነሽ «እሰይ፣ እጁ ይቅናው!» ብላ መርቃ ነበር።

«አጠገቡ ነበርክ?» አለች ሀብትነሽ።

«ነበርኩ፣ እናቴ።»

«ተሠቃየ?»

«የለም። አልተሠቃየም።» ፈጥኖ ነው የመለሰው። ውዳሴ ፍጥነቱን ሰማች፤ እናቷም እንደሰማች አወቀች። ሀብትነሽ ግን አልመረመረችውም። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እናትህ አለች?»

«አለች፣ በሕይወት።»

«አብረሃት ሁን።»

ማሚቱ ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣች። ሀብትነሽ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ለልጇ ያለቻት ቃል ይህ ብቻ ነበር፦

«ከቡሬ ድረስ መጥቷል። አስታጥቢው።»

ውዳሴ ሳፋና ውኃ የሞላ ጆግ አምጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ማህዲ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። የቀኙ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ፣ ምላጭና ሹል ነገር ብዙ የያዘ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ጠባሳ አለ። እሷም ሠርኬን ስታግዝ ያወጣችው አላት። ውኃውን ታንቆረቁርለት ጀመር። እጆቹ ጸዱ፤ እሷ ግን አላቆመችም፤ እሱም አላነሣቸውም። ውኃው በጣቶቹ መካከል እየወረደ ሳፋው ውስጥ ይንቧቧል። ሰዉ ጨዋታውን አቁሞ ያያቸዋል። ጆጉ ቀለለ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። ውዳሴ ባዶውን ጆግ እንዳዘነበለች ቆየች፤ ማህዲም እጆቹን ከሥሩ እንደ ዘረጋ።