ሦስተኛው እጅ

በመስከረም ሸዋ በር፣ ድንች ተራ ላይ ዘጠኝ የገዢ ሚዛኖች ነበሩ። ሰባቱ ሁለት ኪሎ ድንች ሲጫንባቸው አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ይሉ ነበር። ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብለው የተናገሩት ግን ከሐኪም ተራራ ድንች የሚያወርዱት አዴ ረሂማ ብቻ ነበሩ። ሁለት ኪሎ የብረት መመዘኛ በሻሽ ቋጥረው ይመጡና ድንቻቸውን ከማስመዘናቸው በፊት እያንዳንዱ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል።

በጥቅምት "እጅሽን እንቆርጠዋለን" ተባሉ። በኅዳር መደባቸው ተሰባበረ፣ ብረቱም ተሰረቀ። እሳቸው ግን ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ፤ ሁለት ገዢዎች ተቀጡ። የቀሩት ሚዛናችንን አስተካክለናል ብለው ማሉ። እውነት ይሁን ውሸት ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም፤ ብረቱ የለም።

ሰኔ ላይ ግፍን የተቃወሙ ሰዎችን የሚሸልም አንድ ማኅበር ከአዲስ አበባ መጣ። ተወካዩ ባርኮት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ከነሐስ የተሠራ እጅ ሰጣቸው።

"እናታችን፣ ምን ተሰማዎት?"

አዴ ረሂማ ሽልማቱን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። "ስንት ኪሎ ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በቀጥታ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ወደ ወርቅ ሠሪው ፈይሰል ሱቅ ሄዱ። ባርኮትም ተከተላቸው። ፈይሰል የሽልማቱን የእንጨት መቀመጫ ፈትቶ ነሐሱን ብቻ መዘነ። "አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ስልሳ።"

አዴ ረሂማ ወደ ባርኮት ዞሩ። "ምነው ልጄ፣ አርባ ግራም ብትጨምሩበት ምን ነበረበት?"

"አዴ፣ ሽልማት እኮ ነው።"

"አቦ አትጨነቅ፣ ውስጡ ክፍት ነው" አለው ፈይሰል። እርሳስ አቅልጦ በአንጓው ቀዳዳ አፈሰሰ፤ መዘነ፣ ጥቂት ፋቀ፣ ደግሞ መዘነ። "ሁለት ኪሎ።"

"ማሻአላህ። አሁን ተሸለምኩ።"

ሰኞ ጠዋት ገዢው ሙክታር ከሩቅ አያቸው። "አዴ፣ ሁለት እጅ አልበቃ ብሎዎት ሦስተኛ ጨመሩ?"

"ሁለቱ ድንች ይሸከማሉ። ይሄኛው ሥራ የለውም፤ ሚዛንህ ላይ ይረፍ።"

ከኋላቸው የተሰለፉት ገበሬዎች ሳቁ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሰማንያ አለ።

"ሃያ ግራም ናት አዴ፣ ይለፉኝ።"

"እኔ ባልፍህ እሱ አያልፍህም።"

ሙክታር እየሳቀ ጎንበስ ብሎ ማስተካከያውን ፈታ።

እስከ ቀትር የነሐሱ እጅ ዘጠኙም ሚዛኖች ላይ ዐረፈ። ስምንቱ ሁለት ኪሎ አሉ፤ የሙክታር ሁለት ኪሎ ከአምስት ግራም።