ዘግይቶ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪ

ፀጉር አስተካካዩን ዓይናቸው ለመቀስ እንጂ ለመጽሐፍ አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። የልጃቸው የመጀመሪያ ልቦለድ ታትሞ ሲወጣ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እሷው ሱቃቸው እየመጣች ታነብላቸው ጀመር።

"ታሪኩን ከጥንት የግሪክ ተውኔት ነው የወሰድኩት" አለች አስቀድማ። "እኔ ወደ ዛሬ አምጥቼ ሰፈር ውስጥ አስገባሁት።"

በተውኔቱ ንጉሡ አንድ ሟች እንዳይቀበር ያውጃል፤ የሟቹ እህት ግን ትእዛዙን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። በልቦለዱ ንጉሡ ዳቦ ጋጋሪ ሆኗል፤ የከለከለውም የገዛ ልጁ ስም በቤቱ እንዳይነሳ ነው።

አባት ሰውዬውን ገና ከጅምሩ ጠሉት።

"ምን ዓይነት ደረቅ ነው! ሲመክሩት አይሰማም እንዴ?" ይላሉ፣ ምላጫቸውን እየሳሉ። ልጅቷ ቀና ሳትል ማንበቧን ትቀጥላለች።

ዳቦ ጋጋሪው "እናቱን ያልቀበረ እኔንም አይቀብረኝ" ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ የምላጩ ድምፅ ቆመ። ቃሉ የራሳቸው ነበር። ብረት በያጁ ወንድ ልጃቸው ሩቅ አገር ሥራ ላይ ሳለ እናቱ ሞታ፣ በቀብሯ ማግስት ሲደርስ ደጃፍ ላይ አቁመው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ወንድሟን በድብቅ የምትጠይቀው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

"እኔን ነው የጻፍሽው?"

"አዎ አባዬ።" መጽሐፉን ዘጋች። "ፊት ለፊት ልነግርህ ስንቴ ሞከርኩ። ፈራሁ።"

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ፎጣ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ።

"ግሪኮቹ ጋ፣ ሰውዬው ልቡ አይመለስም?"

"ይመለሳል። ግን ዘግይቶ ነው፤ እህትየዋም፣ የገዛ ልጁም፣ ሚስቱም ሁሉም ይሞቱበታል።"

"ሁሉም?"

"ግሪኮች ናቸው አባዬ፤ አይምሩም።"

አባት ሽርጣቸውን ፈቱ፤ ሱቁንም በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ልጅቷን "ወደ ወንድምሽ ምሪኝ" አሏት።

በያጁ በወርክሾፑ ውስጥ የመስኮት ፍርግርግ ይበይድ ነበር። የፊቱን መከላከያ ገልጦ አባቱን ሲያይ፣ መበየጃውን አስቀመጠ። አባትም መንገድ ላይ ያሰናዱት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው።

"ከስተሃል" አሉት።

"አንተም ሸብተሃል" አለ ልጅ።

አባት እጃቸውን ዘረጉለት። ተቃቅፈው ሲለያዩ የአባት ነጭ ሸሚዝ ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ እህት በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች።

እሑድ ሦስቱም አብረው ምሳ በሉና አባት ልቦለዱ እስከ መጨረሻው እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ግሪኩ ንጉሥ ዘግይቶ ሲደርስ ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

"ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ከምታስኬጂው፣ ታክሲ ብታሳፍሪው ምን ነበረበት?"

በያጁ የጠጣው ውኃ ትን አለው።