ራሱ በራሱ የእኅቱን ክርክር ሲከራከር

ዳቦ ጋጋሪውን ሰፈርተኛው «ራሱ በራሱ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሦስቱን ዳቦ ቤቶች እንዴት እንደከፈተ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ራሴ በራሴ» እያለ ሲያወራ፣ ቃሉ ስም ሆኖ ተለጠፈበት።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ወደሚደረግበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልቡ በቦታው አልነበረም። የፓርቲው የሰፈር ቅርንጫፍ ለትልቁ ጉባኤ ተወካይ የሚመርጠው ዛሬ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ወንበር ሲደረድርና ወረቀት ሲበትን የኖረው ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነው። ሐሳቡ በድምፅ ያሸነፈ ሰው ጉባኤ ይሄዳል፤ የተሸነፈው ወንበር መደርደሩን ይቀጥላል። ክፉው ነገር፣ ባላጋራው ታላቅ እኅቱ መሆኗ ነበር።

እኅቱ ልብስ ሰፊ ናት። ያቀረበችው ሐሳብ በሁለት መስመር ያልቃል፦ በትልልቅ ውርስ ላይ ግብር ይጨመር፤ በሚገኘውም ለጀማሪ ባለሙያ መሣሪያ የሚያውስ ቤት ይከፈት። እሱ ይህን ከሰማ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎታል። የሚለፋው ዳቦ ቤቶቹን ለልጆቹ ሊያወርስ ነዋ።

ቅርንጫፉ አንድ ደንብ አለው። አንድ ጊዜ ስብሰባው በወንበር ውርወራ ካለቀ በኋላ የወጣ ደንብ ነው። ተከራካሪ መጀመሪያ የባላጋራውን ሐሳብ በገዛ አንደበቱ ያቀርባል። ባላጋራው «ያልኩት ይኼንኑ ነው» እስኪል ድረስ የራሱን አይጀምርም። ብዙው ሰው ለይስሙላ ብሎት ያልፋል። ራሱ በራሱ ግን የለብ ለብ ሥራ አይወድም። እግዜር የሰጠውን እጅ በግማሽ ማሠራት ለእሱ ኃጢአት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሊጥ እያሸ የእኅቱን ክርክር ሲያጠና ሰነበተ።

አዋቂዎቹ በልጆች ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ተጣበው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ፀጉር አስተካካይ በጠመኔ ዴስኩን መታ መታ አደረገና ጋጋሪውን ጠራው።

«እትዬ የምትለው፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሀብታም ይክፈል፣ ድሃ ይጠቀም ነው።»

እኅቱ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። «አልደረስክበትም። ይኼንንማ በቀቀንም ይለዋል።»

ክፍሉ ሳቀ።

«እሺ። ሁሉም ሩጫውን ከአንድ መስመር ይጀምር ነው የምትለው።»

«ቀርበሃል። ግን ከወረቀት ነው እንጂ ከሆድህ አልወጣም።»

እልህ ያዘው። እሱ ደግሞ እልህ ሲይዘው ነው ሥራ የሚሆንለት። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ተራመደ።

«ዳቦ ቤት ልከፍት ስነሣ ዱቄት ነበረኝ፤ ጉልበትም ነበረኝ። እርሾ ግን አልነበረኝም። የጋገርኩት የመጀመሪያው ዳቦ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የበር ማስደገፊያ።»

«የእኛን በር ነው ያስደገፈው፣» አለች እኅቱ።

«የእነ እትዬን በር። ጥሩ እርሾ በጋጋሪ ዘንድ አይሸጥም። ወይ ትወርሰዋለህ፣ ወይ ይሰጥሃል። ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ሽማግሌ ጋጋሪ፣ ደንበኞቻቸውን እንደምወስድባቸው እያወቁ፣ በጣሳ ቀንሰው ሰጡኝ። ዛሬም በሦስቱም ቤቶቼ የሚቦካው በዚያው እርሾ ነው።» ድምፁ ከፍ አለ። «እንግዲህ እትዬ የምትለው ይኼ ነው። እርሾ የሌለው ጉልበት ድንጋይ ይጋግራል። የጋጋሪ ልጅ እርሾውን ከቤቱ ያገኛል። የሌላው ልጅ ጎረቤቱ ደግ ከሆነ ያገኛል፤ ካልሆነ የለም። የሰው ልጅ እንጀራው በጎረቤቱ ጠባይ ላይ አይንጠልጠል ነው የምትለው።»

እኅቱ መነጽሯን አወለቀች።

«ያልኩት ይኼንኑ ነው፣» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያውም እንዲህ አሳምሬ አላልኩትም።»

«አሁን የራስህን፣» አለ ሰብሳቢው።

ጋጋሪው ሁለተኛውን ወረቀት አወጣ። የመጀመሪያው መስመር «እኔን ማንም አልረዳኝም» ይላል። አየው። ደግሞ አየው።

«ጊዜህ እየሄደ ነው።»

«ይቺን መስመር ዘልዬ ልጀምር ብል፣» አለ፣ «ሌሎቹ ሁሉ እሷን ተደግፈው ነው የቆሙት።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሊቀመጥ ሲል ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ተራው የእኅቱ ሆነ። እሷ የወንድሟን ክርክር ከቤት ጀምሮ ታውቀዋለችና አንዴም አልሳተችም።

«ወንድሜ የሚለው፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቶ ያቦካና ተኝቶ ያረፈደ እኩል አይቆረስላቸው ነው። ለልጆቹ የሚያስብ ሠራተኛም እንደ ሌባ አይታይ ነው።»

«ያልኩት ይኼንኑ ነው፣» አለ ጋጋሪው ሳይወድ በግዱ። ከዚያ እጁን አወጣ። «አንድ ነገር ይጨመርበት። ልጅ ራሱ ቆሞ የሚሠራበት ቤት አይነካ። ዘግቶ ኪራይ የሚለቅምበት ግን ይክፈል።»

«ይጨመር፣» አለች እኅቱ።

ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው በረድፎቹ መሀል እየዞረ ሲቆጥር ዴስኩ ሁሉ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። ከአርባ ሰባቱ ሠላሳ ዘጠኝ እጅ ለእኅቱ ሐሳብ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በጥፍሩ ሥር ሊጥ የደረቀበት እጅ ነበር። ጉባኤውን አጣሁት ብሎ ከዴስኮቹ ጀርባ የደረደራቸውን ወንበሮች ሊሰበስብ ጎንበስ አለ።

«አንዴ፣» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር ከኋላ። «ሐሳቡ የእሷ ነው። ለእኛ ያስረዳን ግን ማን ሆነና?»

«እሱ ይሂድ፣» አለች እኅቱ። «እኔ መርፌ እንጂ ማይክሮፎን አልያዝኩም።»

እጆች እንደገና ወጡ፤ አሁን መቁጠር አላስፈለገም። ጋጋሪው ወንበር እንደታቀፈ ቀረ።

ከበሩ ሲወጡ እኅቱ ክንዱን ያዘችው። «ለጉባኤው ስትዘጋጅ መጀመሪያ የሚቃወሙህን አጥና፣ እሺ?»

«እሱንማ ጽፌ ጨርሻለሁ፣» አለና ሁለተኛው ወረቀት ያለበትን ኪሱን መታ አደረገ።