የማትወድቅበት ወረቀት

ጠጂቱን እባብም ፖሊስም እንደ ፈተና አያስፈራትም። ደርግ ወድቆ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም፣ ቶሮንቶ ተቀምጣም ፈተና ሲባል ትደነግጣለች። ታላቅ ወንድሟ ማትሪክ ወድቆ ቤት በዋለበት ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰና በዚያው ቀረ።

ስለዚህ በገና ሰሞን፣ ትምህርቷን ሳታቋርጥ ትጨርስ ተብላ ለንደን አክስቷ ዘንድ የቀረችው ልጇ ጸዮን ደውላ፣ የሂሳብ ፈተናው ቀላልና ከበድ ያለ ወረቀት እንዳለው፣ መምህሩም ወላጅ ይምረጥ እንዳለ ስትነግራት፣ ጠጂቱ ብዙም አላሰበችም። የማትወድቂበትን ያዢ አለቻት። የዚያን ቀን እፎይ ብላ ተኛች።

እፎይታዋን የነጠቀቻት ዙበይዳ ናት። ሁለቱ ኢቶቢኮ በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ፤ ዙበይዳ ልጆቿን ያሳደገችው ለንደን ነው። ጠጂቱ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛ ስለ ብልህ ውሳኔዋ ስታወራ፣ ዙበይዳ ማጠፉን አቆመች። ቀላሉን ወረቀት አንድም ሳትስት ብትመልስ የሚሰጣት ውጤት ዲ ነው፣ ከዚያ በላይ የለውም አለቻት። ያለ ሲ ደግሞ ሳይንስ መርጦ መቀጠል አይታሰብም።

ጠጂቱ አንሶላውን ለቀቀችው። ጸዮን ፋርማሲ አጠናለሁ ስትል ነው የኖረችው፤ ከመውደቅ አድናታለሁ ብላ በሩን የዘጋችባት የገዛ እናቷ ናት። የስልክ መደወያ ካርዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ስልክ ሮጠች። ቁጥሩን እየተሳሳተች ደጋግማ ደወለች።

ጸዮን ነገሩን ታውቀው ኖሯል። እስከ አርብ መቀየር እንደሚቻልም ታውቃለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር እማ። እኔም ፈራሁ። ከባዱ ላይ ከሲ ዝቅ ካልኩ ዲም የለም፤ ምንም ግሬድ አይሰጡኝም።»

ጠጂቱ ግድግዳውን ተደገፈች። በቃ ቀላሉ ይሻልሻል የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። እንደ ምንም ዋጠችው።

«ከባዱን ተፈተኚ» አለች።

«ብወድቅስ?»

ወንድሟ ከታፈሰ ወዲህ በነጠጂቱ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው የለም።

«ብትወድቂ ቤትሽ ትመጫለሽ። እኔ ጋ። ማንም አይወስድሽም።»

«ማን ይወስደኛል?» አለች ጸዮን ግራ ገብቷት።

«ማንም» አለች ጠጂቱ። ስልኩን ዘግታ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።